ኮረብታውን የከፈተው ጠባቂ

አቦይ ካሕሳይ ባለፈው ሳምንት ዐረፉ። ለቅሶው ባበቃ በማግስቱ የደን መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጠራኝና «የሐዘን መግለጫ አዘጋጂ። ሦስት መስመር ይበቃል። ያበረከቱትን አስተዋፅኦ ከማኅደራቸው አውጪው» አለኝ። ማኅደሩን ከቁም ሣጥን አወጣሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ገለጥኩት። አንድ የቅጥር ደብዳቤ፣ ሦስት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና አንድ የጡረታ ስንብት ነበረበት። አስተዋፅኦ የሚባል ነገር ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

«ከማስጠንቀቂያዎቹ ልጻፍ እንዴ?» አልኩት።

«አትቀልጂ» አለኝ።

አልቀለድኩም። እኚያ ሰውዬ በዕድሜያቸው የሠሩት ደግ ነገር ተመዝግቦ ያለው ማስጠንቀቂያዎቹ ውስጥ ነው። ለመግለጫው «ታታሪ፣ ቅንና ሥራ ወዳድ ነበሩ» ብዬ ሦስቱን መስመር ሞላሁ። ለሞተ ሠራተኛ ሁሉ የምንጽፈው እሱኑ ነው፤ አርፍዶ እየመጣ ቀድሞ ይወጣ ለነበረውም እሱኑ ጽፈናል። ይሄኛው ግን የራሴ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ማንም መስመር አይቆጥርብኝም።

ቤታችን ከእንዳ ኢየሱስ ወዲያ፣ የመቀሌ የመጨረሻ ቤቶች አልቀው ድንጋዩ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ከቤታችን ጀርባ እምባ ሰራው የሚባል ኮረብታ አለ፤ የግራር ኮረብታ ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሕዛእቲ ይሉታል። ሕዝብ ተስማምቶ የዘጋው ቦታ ነው፤ ከብት አይገባም፣ ፋስ አይነሣበትም፣ በዓመት አንዴ ሣሩ በማጭድ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል፣ በቃ። አቦይ ካሕሳይ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የዚያ ኮረብታ ጠባቂ ነበሩ። ከሲታ ናቸው፣ ረጅም ናቸው፣ ክረምት ከበጋ አንድ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ፣ ኪሳቸው በአሮጌ ጨርቅ ቁርጥራጭ የታጨቀ ነው። ዛፍ አጠገብ ሲያልፉ በእጃቸው ጀርባ ግንዱን ነካ ያደርጉታል፤ የታመመ ልጅ ግንባር ይተኩስ እንደሆነ እንደሚታየው ማለት ነው። እኛ ልጆቹ ይሄን እያየን በሳቅ እንሞት ነበር።

ሰው «ኮረብታው የማን ነው?» ብሎ ሲነዘንዛቸው መልሳቸው አንድ ነው። «የመንግሥት ነው ስል ሁሉም ይሰርቀዋል። የሁላችን ነው ስል ማንም አያጠጣውም። ስለዚህ የኔ ነው፣ ጨረስን!»

ደን ጠባቂ ከመሆናቸው በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ቢነገራችሁ አታምኑም። በጉብዝናቸው ጊዜ ጅማ ወርደው ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ ነው የሠሩት። አማርኛቸውም ከዚያ የመጣ ነው። «አንድ ቃል በአንድ ዋንዛ ነው የተማርኩት፤ ስንት ቃል እንደማውቅ አስቢና ስንት ዋንዛ እንደጣልኩ ድረሺበት» ይሉኝ ነበር። እናቴ የደሴ ሰው ስለሆነች እኛ ቤት አማርኛ ይነገራል፤ እሳቸውም «እንዳይዝግብኝ» እያሉ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ። ያኔ ያስተላለፉትን ቅጣት ሁሉ የሰማሁት በዚያ የመሰንጠቂያ አማርኛ ነው።

የቅጣታቸው ዓይነት አንድ ነው፤ ውሃ መሸከም። ፍየል ያስገባም፣ እንጨት የሰበረም፣ አበባ የቀጠፈም ጀሪካን አንሥቶ ከቦኖው ወደ ኮረብታው ይወጣል፤ ያጠፋበት ዛፍ ሥር ያፈስሳል፤ ይሄዳል። ክስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰው ግን ከክስ ይልቅ ጀሪካኑን ይፈራል፤ ምክንያቱም አቀበቱ ሰፈር ሙሉ ይታያል።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ «በመሥሪያ ቤቱ አመራርና ሠራተኞች ላይ በማላገጥ» ይላል። እኔ በዐይኔ ያየሁት ነው፤ እንዲያውም ከሟቾቹ የአንዱ እናት ነበርኩ።

ዘጠነኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ተማሪውንም የመሥሪያ ቤቱንም ሰው ሰብስበው ችግኝ ትከሉ አሉን። አረንጓዴ ቲሸርት፣ ነጭ ኮፍያ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ካሜራ፣ ሁሉም አለ። ግማሹ ሰው ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ወትፎ ፎቶ ይነሣል። አቦይ ካሕሳይ ከኋላ ከኋላ እየዞሩ ከዘይት ቆርቆሮ በተቆረጠ ቁራጭ ላይ በምስማር የየሰዉን ስም ይጭራሉ፤ ቆርቆሮውን ችግኙ አንገት ላይ በሽቦ ያንጠለጥላሉ።

«ስምሽ ማነው?» አሉኝ፤ ጠፍቷቸው አይደለም።

«ለምን ይሆናል?»

«ዋእ! ልጅ ወልደሽ ስም አታወጪም እንዴ?»

ትልልቆቹ ክብር መሰላቸው፤ ተሰልፈው አጻፉ። አንዱማ «ኢንጂነር» የሚለው እንዳይረሳ አደራ ብሎ ቆሞ እስኪጫርለት ጠበቀ።

ከዚያ ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ፣ ሁላችንም ረሳነው። ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈን ሳለ አቦይ ካሕሳይ በትምህርት ቤቱ በር ገቡ። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በብብታቸው የደረቀ ጭራሮ እስር ይዘዋል። ርዕሰ መምህሩ ደንግጦ «ማን ሞተ?» ሲላቸው «ብዙ ናቸው። ቀስ ብዬ ላርዳቸው፣ ልጆች ናቸው» አሉ። ከዚያ እየመዘዙ ቆርቆሮውን ማንበብ ጀመሩ። አንደኛዋ እኔ ነኝ። «የሰናይት። ሐምሌ ተወልዶ ጥር ላይ ሞተ። ጠያቂ አልነበረውም። እግዜር ያጽናሽ፣ ጓለይ።» ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ቀጥሎ የሳቁት ስም ተጠራ።

እስሩ ግማሽ ሲቀረው ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። የዚያን ጊዜው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር አሉ። በሩን ከፍተው ገቡ፣ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው «በርትተው ይቻሉት፣ ሁሉም ጋ የሚገባ ነው» አሉትና ደረቁን ችግኝ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ አጋደሙለት። ጸሐፊዋ ነገሩ ሳይገባት አለቀሰች። የኢንጂነሩን አላመጡትም፤ በኋላ ሲጠየቁ «እሱማ ከነፕላስቲኩ ስለተቀበረ ሬሳውም አልተገኘ» አሉ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጀሪካን ይዤ ወጣሁ። ለዛፍ አዝኜ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። የኔ አይሞትም ማለት ፈልጌ ነው። እሳቸው ሌላ ችግኝ ሰጡኝ፤ አውሊዕ፣ አማርኛው ወይራ የሚለው።

«አውሊዕ ቀርፋፋ ነው፣ አንቺ ችኩል ነሽ። ትስማማላችሁ» አሉኝ።

«በምን?»

«እርስ በርስ ስትናደዱ ሌላ ሰው አትነኩም።»

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ «የግለሰቦችን የሠርግ ሥነ ሥርዓት በማወክ» ይላል። ባለሠርጎች ቪዲዮ ሊያስቀርጹ ኮረብታው ላይ ወጡ። እሱ ባልከፋ፤ ሚዜዎቹ ግን ለካሜራው ያምራል ብለው የአውሊዕ ቅርንጫፍ እየገነጠሉ ማወዛወዝ ጀመሩ። አቦይ ካሕሳይ ከየት መጡ ሳይባል ብቅ አሉ። ሙሽራዋን መረቁ፣ ሙሽራውን መረቁ፣ ሚዜዎቹን ደግሞ ከነሱፋቸው ወደ ቦኖው ውረዱ ብለው ነዷቸው። አንዱ ሚዜ ሊሟገት ሞክሮ ነበር።

«አባት፣ ዛሬ ሠርግ ነው እኮ!»

«አይቻለሁ፤ እልል እያልኩላችሁ ትሸከማላችሁ።»

እውነትም እልል አሉላቸው። ቀራጩ ደግሞ ተንኮለኛ ቢጤ ነበር፤ አንዲት ጀሪካን ሳያስቀር ቀረጸ። አሁን ያ ሠርግ በሰፈሩ የሚታወሰው በኬኩ አይደለም፣ በጀሪካኑ ነው። ክሱን ያቀረበው የሙሽራዋ አጎት ነው፤ ባልና ሚስቱ ግን ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ቪዲዮውን የሚከፍቱት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ጋ ደረስኩ። ስለሱ ስጽፍ ቀልዱ ትንሽ ይርቀኛል።

መንገዱ ሁሉ የተዘጋበትን ጊዜ ለመቀሌ ሰው መተረክ አያስፈልግም። ለሌላው ግን ልንገረው። መብራት የለም። ጋዝ የለም። ከገጠር የሚገባ ከሰል የለም። ዱቄት በስንት መከራ ያገኘ ሰው ዱቄቱን የሚያበስልበት የለውም። እናቴ የአልጋችንን ርብራብ አንድ በአንድ አነደደችው፤ ከዚያ የቁም ሣጥኑን በር፤ ከዚያ እኔ የምማርበትን ጠረጴዛ ታይ ጀመር። በከተማው ዙሪያ ያሉት ሌሎቹ ሕዛእቲዎች ጠባቂዎቻቸው ደሞዝ ሲቋረጥባቸው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ኮረብታዎቹ በጥቂት ወር ውስጥ እንደ ተላጨ ራስ ሆኑ።

አንድ ጠዋት የሰፈራችን ሴቶች ፋስ ይዘው እምባ ሰራውን ሊወጡ ተነሡ። እኔም የአባቴን ፋስ ይዤ መሐላቸው ነበርኩ። ከፊት አደይ ለተብርሃን አለች፤ አደይ እንደ እማማ ማለት ነው፤ ሕምባሻ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድግ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ በሰላሙ ጊዜ ከሷ በላይ በአቦይ ካሕሳይ የተያዘና ውሃ የተሸከመ አልነበረም። እሳቸው መግቢያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አቦይ ካሕሳይ፣ ዛሬ ዞር በሉልን» አለቻቸው። «ልንጣላዎ አልመጣንም። ልጆቻችን ሊጥ በጥሬው ሊበሉ ነው።»

ዱላቸውን ያነሣሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላነሡም።

«ስንት ፋስ ይዛችኋል?»

«ሁላችንም ይዘናል።»

«መጋዝስ?»

«መጋዝ ምን ሊያደርግልን?»

«ፋሱን እዚህ ጣሉት። ነገ መጋዝ ያላት መጋዝ፣ ማጭድ ያላት ማጭድ ይዛ ትምጣ። ዛሬ በኔው እየተቀባበላችሁ ትቆርጣላችሁ።»

መሣቂያ ሊያደርጉን መስሎን ፋሳችንን ሳንጥል ቆምን። እሳቸው ግን ከካፖርታቸው ውስጥ የመሰንጠቂያ ቤቱን ዘመን ትንሽ መጋዝ አውጥተው ቀድመውን ገቡ። የመጀመሪያዋን ቅርንጫፍ ራሳቸው ቆረጡ። ስትወድቅ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ከአንድ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ ከወጣ ቀጥ ያሉት ሁለቱ ይተዉ፣ ሌላው ይቆረጥ። ከእጅ አንጓ የወፈረ አይነካም። አቆራረጡ ዝናብ እንዳይተኛበት ሰያፍ ይሁን። በኪሳቸው የነበረው ጨርቅ ምን እንደሚያደርግላቸው ያኔ ገባኝ፤ የሚተወው ግንድ ላይ ያስሩታል፤ ጨርቅ ያለበትን የነካች ውሃ ትሸከማለች። ለእኛ ቀበሌ ረቡዕ፣ ለታችኞቹ ቅዳሜ። አህያ አይገባም። አንዲት ሴት የምትወስደው ማንም ሳያሸክማት ብቻዋን ከመሬት አንሥታ የምትቆምበትን ያህል ነው። አሮጊት ከሆነች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትምጣላት። መሸጥ የለም።

እኔ አፌን መያዝ አልችልም። «ሲጠብቁት የኖሩትን ኮረብታ እያስጨረሱት ነው» አልኳቸው።

«ካልቆረጡት ነው የሚያልቀው» አሉኝ። «ተደብቆ የሚቆርጥ ሰው ይቸኩላል። የቸኮለ ሰው ከሥር ነው የሚቆርጠው። በቀን፣ በተራው፣ ሰው እያየው የሚቆርጥ ግን ጊዜ አለው። ጊዜ ያለው ይመርጣል። አሁን ወሬሽን ትተሽ ያቺን ጎባጣዋን ያዥልኝ።»

እንደዚያ ከረምን። የሰፈሩ ሰው ጥሬ ሊጥ አልበላም። ጠረጴዛዬም ተረፈ። መንገዱ ተከፍቶ መብራት ሲመጣ ሌሎቹ ኮረብታዎች ድንጋይ ሆነው ቆዩን፤ የኛው እንዲያውም የተተዉት ቀንበጦች ቦታ አግኝተው ወደ ላይ ተመዝዘው፣ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ተገኘ።

ይሄን ያየ መሥሪያ ቤት ምን ማድረግ ነበረበት? ሥራ በጀመረ በወሩ «ክልክሉን ቦታ ማን ከፈተው?» ብሎ ምርመራ ጀመረ። ጠባቂዎቻቸው ትተዋቸው የሄዱት፣ እንጨት የሚባል የሌለባቸው ኮረብታዎች ላይ ምንም ጥያቄ አልተነሣም፤ እነሱ ላይ የተሰጠ ፈቃድም የተጣሰ ፈቃድም የለማ! አቦይ ካሕሳይ ግን ቦታቸው ላይ ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ «ያለ በላይ አካል ፈቃድ የተከለለ ቦታን ለቆረጣ ክፍት በማድረግ» ይላል፤ ከግርጌው ግምገማ ላይ ይቅረቡ የሚል አለው።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። የግምገማውን ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስብሰባው በትግርኛ ነው፣ እዚህ በአማርኛ እነግራችኋለሁ።

ግምገማ የማያውቅ ካለ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ በተራው ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል፣ ግለ ሂስ ይባላል። ሌላው ይጨምርበታል። የተናገረ ይታለፋል፣ ያልተናገረ ይወድቃል። ሥራ የለመደ ሰው ታዲያ አንዲት ትንሽ ጥፋት ተንከባክቦ ያስቀምጣል፤ «ሰዓት አላከብርም» ይላል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ይቀመጣል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት አቦይ ካሕሳይን ኮሪደር ላይ ይዞ እኔ እየሰማሁ ለመናቸው።

«አባት፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ። ‹ኮረብታውን መክፈቴ ጥፋት ነበር› ይበሉ፣ እናልፈዋለን፣ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ።»

«ግለ ሂስ ጥፋትን መናገር አይደል?»

«ነው።»

«እሺ፣ እናገራለሁ።»

ስብሰባው ላይ ተራቸው ሲደርስ ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ። የእውነት ግለ ሂስ አደረጉ! እኔ እስከዛሬ ያንን ያደረገ ሌላ ሰው አላየሁም። «በልጄ ሠርግ ማግስት ጠጥቼ ስለነበር ዛፍ ሥር ተኝቼ ሦስት ፍየል ገብቶ ወጥቷል፤ የፍየሎቹ ጥርስ ያረፈበትን ዛፍ አሳያችኋለሁ። ወንድሜ በሬውን ሌላ ማደሪያ እስኪያገኝለት አንድ ሌሊት አስገብቶ አሳድሯል፣ አውቄ ዝም ብያለሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ውሃ አሸክሜያለሁ፤ እርጉዝ መሆኗን አላየሁም ነበር፣ ማየት ነበረብኝ። ባሕር ዛፍ ምንጩ አጠገብ ተክዬ ምንጩን ያደረቅሁት እኔ ነኝ፤ ባለሙያ ነው ያዘዘኝ፣ ግን እጁ የኔ ነው።» ሻይ ሰዓት አለፈ። እሳቸው አሥር ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ስለ አንዲት ጽድ እየተናዘዙ ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል፤ አንዳንዱ የራሱ «ሰዓት አላከብርም» አሳፈረው መሰለኝ፣ አቀርቅሯል።

ሰብሳቢው አላስቻለውም። «አባት፣ ይሄን ሁሉ ማን ጠየቀዎት! የቀረችው አንዷ ናት። ኮረብታውን መክፈትዎስ?»

«እሱ ጥፋት አይደለማ፤ እሱ ሥራ ነው።»

«ያለ ፈቃድ!»

«ፈቃድ ሰጪ ፈልጌ መጥቼ ነበር። በራችሁ ተቆልፎ ነበር።»

ስብሰባው «ይቀጥላል» ተብሎ ተበተነ። ኃላፊው ወደኔ ጎንበስ ብሎ «‹ኮረብታውን መክፈታቸው ጥፋት መሆኑን አምነዋል› ብለሽ ጻፊ። ይፈርማሉ፣ ያልቃል፣ ሥራቸው ይተርፋል» አለኝ። ጻፍኩት። ዝም ብዬ አልታዘዝኩም፣ ፈልጌ ነው የጻፍኩት። ከኮረብታው ሲባረሩ ማየት አልፈለግሁም። በቆንጆ የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩት።

በማግስቱ ሊፈርሙ መጡ። ሌላው ሰው ሁሉ ሳያነብ ነው የፈረመው። እሳቸው መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ማንበብ ጀመሩ። የፍየሎቹን አለፉ። የነፍሰ ጡሯን አለፉ፣ አናታቸውን ነቀነቁ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄን ማን አለው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። «ሥራዎ እንዳይሄድ ብዬ።»

«ሥራዬ የት ይሄዳል? ኮረብታው ላይ ነው ያለው።»

«አቦይ፣ አንድ መስመር ነች እኮ! ይፈርሙና ይመለሱ። እዚያ ሆነው የፈለጉትን ያደርጋሉ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን ትምህርት ያልገባው ልጅ እንደሚያስረዱ ነው የተናገሩት። «እዚህ ጥፋት ተብሎ ከተጻፈ ነገ ረቡዕ ለተብርሃን ሌባ ናት። አንቺም ሌባ ነሽ፣ እናትሽም። ሌባ በቀን አይገባም፣ ተራ አይጠብቅም፣ ጨርቅ አያይም። እኔ ጠባቂ ሆኜ ብመለስ ያን ሁሉ ሌባ በየት በኩል ልጠብቅ? አንድ ሰው ነኝ። አሁን ሁሉም ስለሚጠብቀው ነው የቆመው። ሰርዢው።»

«ያባርሩዎታል።»

«በማስመሪያ ሰርዢው፣ እንዳይንጋደድ።»

በማስመሪያ ሰረዝኩት። ጎኑ ላይ ፈረሙ። ኃላፊው ሲያይ የጮኸብኝን ጩኸት እዚህ አልጽፈውም፤ ልክ ነበር፣ ከደግነቱ ነው የጮኸው። ያላመነን ሰው በጥፋት ማሰናበት ደግሞ ብዙ ወረቀት ይጠይቃል። በመጨረሻ አንዱ ማኅደሩን ሲያገላብጥ የትውልድ ዘመናቸውን አየ። ለካ ጡረታ መውጫቸው ካለፈ ቆይቷል! ስንት ዓመት ሙሉ ዕድሜ እንዳላቸው ያስታወሰ አልነበረም። ምስጋና የተጻፈበት ስንብት ተሰጣቸው። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፣ አጥፈው ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት፣ ኮረብታውን ላለማየት በታችኛው መንገድ ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ዕለት በጣም ጠልቻቸው ነበር። ለአንድ መስመር!

በሳቸው ቦታ ሁለት ወጣት ጠባቂዎች ከነደንብ ልብሳቸው ተመደቡ። የመጀመሪያው ረቡዕ ሴቶቹ መጋዛቸውን ይዘው ሲመጡ ልጆቹ መንገድ ዘጉ። አደይ ለተብርሃን «የሚከለክል ወረቀት አምጡና እንመለሳለን» አለቻቸው። ልጆቹ እኔ ጋ እየሮጡ መጡ። ቃለ ጉባኤውን ገለጥኩ። የፍየሎቹ አለ፣ የበሬው አለ፣ የጽዷ አለ። ስለ መክፈት የሚያወራው ቦታ ላይ አንዲት የተሰረዘች መስመር ብቻ አለች። ወደ ኃላፊው ወሰድኩት። ካሁን በኋላ ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ ቢጽፍ ይችል ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ከሌላ ቦታ እንግዶች ደኑ እንዴት ተረፈ እያሉ መምጣት ጀምረው ነበር፤ እሱም ዱላ ይዞ ኮረብታውን እያመለከተ «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ የደን አያያዝ ዘዴያችን» እያለ ያስረዳቸዋል። ዘዴውን የሚከለክል ደብዳቤ ላይ ስሙን ማስቀመጥ አልፈለገም። «ለጊዜው ተዪው» አለኝ። ጊዜው እስከ አሁን አላለቀም። ረቡዕ እኛ፣ ቅዳሜ ታችኞቹ።

አቦይ ካሕሳይም ረቡዕ ረቡዕ ብቅ ማለት ጀመሩ። እንደ ጠባቂ ሳይሆን እንደ ማንኛውም ባለ ቤት፣ ከሴቶቹ ኋላ ተራ ይዘው፣ ሚስታቸው ወገቧን ስለሚያማት የቤታቸውን ድርሻ ሊወስዱ። ተቆጣጣሪዋ አደይ ለተብርሃን ናት፤ ማንም አልሾማትም፣ ድምፅዋ ነው የሾማት።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤቱን በርግደው ገቡ። ላብ በላብ ናቸው። ካፖርታቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ነክቶታል። ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና «ጻፊ!» አሉኝ።

«ምን ልጻፍ?»

«ክስ ነው። ካሕሳይ የተባለ የቀድሞ ጠባቂ ዛሬ ከእጅ አንጓ የወፈረ የአውሊዕ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሸክሙ መሐል ደብቆ ሲወጣ ተይዟል በይ።»

«ማን ያዘዎት?»

«ማን ትይዘኛለች? ለተብርሃን ናታ! በሰው ሁሉ ፊት ሸክሜን አስፈታችኝ። ‹አቦይ፣ እርስዎም እንደ ሰው ይሰርቃሉ እንዴ!› አለችኝ። ሁለት ጀሪካን አሸከመችኝ፣ አንድ አይደለም፣ ሁለት። አሮጌ ሌባ ይብሳል አለች።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው የወፈረውን የሚቆርጡት? ሕጉን ያወጡት እርስዎ!»

ግንባራቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ። «ባለፈው ረቡዕም ቆርጬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አየችኝ፤ ዐይን ለዐይን ነው የተያየነው። ግን አፈረችኝና ፊቷን አዞረች። አሳለፈችኝ። ለኔ ያፈረች ነገ ለሌላው ታፍራለች ብዬ፣ ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም።» ወደ መስኮቱ አዩ። «ዛሬ አላፈረችኝም። ጻፊው እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ? ‹ከሳሽዋ ልክ ናት› የሚለውን ጨምሪበት።»

ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን፣ ጥፋቱን፣ ቅጣቱን። ላስነብባቸው ቀና ስል አንገታቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፣ አፋቸው ተከፍቷል፣ ያንኮራፋሉ።

ኃላፊው በኮሪደሩ ሲያልፍ ማንኮራፋቱን ሰምቶ ራሱን በበሩ አስገባ።

«ይሄ ሰውዬ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ክስ ቀርቦባቸው ነው» አልኩት። «እንጨት ሲሰርቁ ተይዘው።»

«በዚህ ዕድሜያቸው!» አለ ራሱን እየነቀነቀ፤ እንዳይቀሰቅሳቸውም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።